በ67 ስንተኛ ክፍል ነበሩ?

ውጭ አገር የተወለዳችሁ ወይም በልጅነታችሁ ወጥታችሁ ያደጋችሁ ልጆች የወላጆቻችሁን ዘመን በአንድ ቃል ስትጠቀልሉት እሰማለሁ፤ «የደርግ ጊዜ ሰዎች» ትላላችሁ። በየምትኖሩበት አገር የለመዳችሁት የትውልድ አከፋፈል በልደት ዓመት የሚቆርጥ ነው። ከዚህ እስከዚህ ዓመት የተወለደ አንድ ስም ይሰጠዋል፣ ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሌላ። መነሻው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ውስጥ የታየው የወሊድ ብዛት ስለሆነ ለእናትና ለአባታችሁ ታሪክ ልኩ አይደለም። እኛ ቤት መስመሩ የሚያልፈው ዘመኑ ወጣቱን የሚያዝዘው ነገር በተለወጠበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ወላጆቻችሁን መቼ ተወለዳችሁ ከማለት ይልቅ፣ በ67 ስንተኛ ክፍል ነበራችሁ ብላችሁ ጠይቋቸው።

አንድ ቤተሰብ ልንገራችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ በቅርብ የማውቃቸው አንዲት እኅትና ሁለት ወንድሞቿ ናቸው፤ እሷ በ1945፣ መካከለኛው በ1952፣ የመጨረሻው በ1960 የተወለዱ፣ ሦስቱም አዲስ አበባ ያደጉ። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ወደ ፈረንጁ ለመመለስ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ ላለው ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ላለው ስምንት ጨምሩ። ወላጆቻችሁ «ስድሳ ስድስት» ሲሉ አብዮቱ የፈነዳበትን 1966ን ማለታቸው ነው፤ የካቲት 1966 በፈረንጅ 1974 ላይ ይውላል። ይህን ባለማወቅ የአባቱን ታሪክ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ገፍቶ የሚያስቀምጥ ልጅ ብዙ ነው።

በ1967 ትልቋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀመረ፤ ወደ 60,000 የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና መምህራን ወደየገጠሩ ተላኩ። እሷ የደረሳት ደቡብ ነው። እዚያ ሳለች፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ወጣ። አዋጁን ለገበሬዎቹ ያነበበችላቸው እሷ ነበረች። ዛሬም ስታወራው ድምፅዋ ይለወጣል፤ አንድ ሽማግሌ «እስቲ ድገሚው ልጄ» እያሉ ደጋግመው እንዳስነበቧት፣ በመጨረሻ ወረቀቱን ተቀብለው ማንበብ ሳይችሉ በጣታቸው መስመሩን እንደተከተሉ ትናገራለች።

መካከለኛው ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበር። ዕድሜው ለዘመቻ ስላልደረሰ ቤት ቀረ። መቅረቱ ግን አላዳነውም። በ1969 እና በ1970 ደርግ ተቃዋሚዎቹን ያደነበት ቀይ ሽብር ሲመጣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የአብዮት ጥበቃ ቤት ለቤት የሚያድነው በዚያ ዕድሜ ያለውን ልጅ ነበር። ታሰረ፣ ተፈታ፣ በሱዳን በኩል አገሩን ለቀቀ። የቤቱ ጨዋታ ወደ «ሰባ» ሲጠጋ ብድግ ብሎ መኪና ላንቀሳቅስ ይላል። የእኅቱ ልጆች ጠባዩ ይመስላቸዋል።

የመጨረሻው በ67 አንደኛ ክፍል ገባ። ፊደል ሲቆጥር ሰልፉም መዝሙሩም መጽሐፉም የአብዮት ነበር። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወንድ የሚጠራው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ሲወጣ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። ዕድሜው ሲደርስ የሰፈሩ ጓደኞቹ በአፈሳ እየተለቀሙ ይሄዱ ጀመር። እሱ አክስቱ ቤት ጓዳ ውስጥ ከእህል ጆንያው ጀርባ ተኝቶ ያድር ነበር፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር አክስቱ ኩራዙን እፍ ይሉ እንደነበር አይረሳውም። እኅቱን «እትዬ»፣ ወንድሙን «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም።

በትልቋና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት አሥራ አምስት ዓመት ብቻ ነው፤ ሰዎቹ ግን ሦስት ትውልድ ናቸው። ዘመኑ አንዷን ሂጂና አስተምሪ አላት፣ አንዱን ወገንህን ምረጥ አለው፣ አንዱን ጠመንጃ ያዝ አለው። «የደርግ ጊዜ ሰዎች» ብላችሁ አንድ ከረጢት ውስጥ ስትከቷቸው ለየብቻ የከፈሉት ዋጋ ይጠፋል።

«ያ ትውልድ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ክፍሉ ታደሰ ስለ ኢሕአፓ፣ ማለትም ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ፣ የጻፈው መጽሐፍ ርእስ ነው፤ ከመጽሐፉም አልፎ የአንድ ዘመን ወጣቶች መጠሪያ ሆኗል። ማን በውስጡ እንደሚቆጠር ግን ሁሉም በየፊናው ነው የሚያሰምረው። መጀመሪያው ላይ ብዙ ጠብ የለም፤ በታኅሣሥ 1953 ወንድማማቾቹ መንግሥቱና ገርማሜ ንዋይ የሞከሩትን መፈንቅለ መንግሥት ደግፈው አደባባይ የወጡት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች፣ በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው የተሰለፉት፣ በታኅሣሥ 1962 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ሲገደል አስከሬኑን ከብበው የቆሙት በአንድ መስመር የሚገኙ ናቸው። ጭቅጭቁ መጨረሻው ላይ ነው። አንዳንዶች በ1966 ይዘጉታል፤ የንጉሡ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሥርዓት ከወደቀ ጥያቄው ተመልሷል ባዮች ናቸው። እኔ አልስማማም። መሪዎቹን ብቻ ከቆጠርን በ66 ሊዘጋ ይችል ይሆናል። ግን በ1969 ሌሊት በራሪ ወረቀት ሲበትኑ የተያዙት፣ ሬሳቸው መንገድ ዳር የተጣለው፣ እናቶቻቸው እንዳያለቅሱ የተከለከሉባቸው ብዙዎቹ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበሩ ልጆች ናቸው። ትልልቆቹ የጀመሩትን እዳ የከፈሉት እነሱ ሆነው ሳለ ከትውልዱ ማስወጣት ግፍ ነው። ስለዚህ መስመሬን በ1970 መጨረሻ አሰምራለሁ። አዲስ አበባ ከሄዳችሁ መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግቡ፤ ግድግዳው ላይ ያሉት ፎቶግራፎች የስንት ዓመት ልጆች እንደሆኑ ራሳችሁ ታያላችሁ።

የተማረ ወጣት ያለቀበት ጊዜ ይህ ብቻ አልነበረም፤ አያቶቻችሁም አንድ አላቸው። «ጣልያን ሲገባ ወፌ ቆመች እባል ነበር» የሚል ሰው ወረራው በተጀመረበት በ1928 ገና ለመቆም የሚሞክር ሕፃን እንደነበረ እየነገራችሁ ነው፤ የልደት የምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ዕድሜውን የሚያሰላው በዚህ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣልያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ከወረደው ፍጅት ጋር ጣልያን ውጭ አገር ተምረው የተመለሱትንና ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር የነበሩትን ወጣቶች ለይቶ አደነ። ንጉሡ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ሲገቡ መሥሪያ ቤት የሚመራ፣ ትምህርት ቤት የሚያስተምር የተማረ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ክፍተቱ በውጭ ሰዎች ተሞላ፤ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን የካናዳ ኢየሱሳውያን ያዙት፣ በየክፍለ ሀገሩ ሕንዶች አስተማሩ፣ በ1955 የአሜሪካ የሰላም ጓድ መጣ። እናታችሁ እንግሊዝኛ ስትናገር የሕንድ ለዛ ካለባት፣ ወይም አባታችሁ ስለ አንድ አሜሪካዊ የሂሳብ መምህር ደጋግሞ ካወራ፣ ምክንያቱ ሩቅ ነው፤ ሊያስተምሯቸው ይገባ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በ1929 ተገድለዋል። ትውልድ በመኖሩ ብቻ ሳይሆን በመጥፋቱም የሚቀጥለውን ይቀርጻል።

ከ1970 በኋላ የመጣው ትውልድ ደግሞ ስም የሚያወጣለት ሰው እንኳ አላገኘም። በ1971 መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ወላጆቹን ፊደል ያስቆጠረ ልጅ፣ በ«ሰባ ሰባት» ድርቅ እርዳታ ያራገፈ፣ ሰሜን ዘምቶ ያልተመለሰ ነው። በግንቦት 1983 ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ስንቱ የጦር ጉዳተኛ በየከተማው አውራ ጎዳና ይለምን እንደነበር ያየ ያውቀዋል። ስለ «ያ ትውልድ» የተጻፈው መደርደሪያ ይሞላል፤ ስለዚህኛው የተጻፈው ጥቂት ነው፣ ያሳዝነኛልም። አጎታችሁ ስለ ወታደርነቱ ካልጠየቃችሁት አይነግራችሁም፤ ተሸናፊ ተብሎ የተበተነ ሰው ታሪኩን የሚያወራበት መድረክ አልተሰጠውም።

ከ83 ወዲህ ያለውን ባጭሩ ልለፈው፤ ብዙዎቻችሁ የአክስትና የአጎቶቻችሁን ልጆች ጠይቃችሁ የምትደርሱበት ነው። ትልቁ ለውጥ የመማሪያ ቋንቋው ነው። የኦሮሞ ልጆች ከ1984 ጀምሮ በአፋን ኦሮሞ፣ ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል መማር ጀመሩ፤ እነሱም «የቁቤ ትውልድ» ተባሉ። በአንድ ቤት ታላቅየው በአማርኛ፣ ታናሽየው በቁቤ የተማሩበት ቤተሰብ አለ፤ ያ ቤት ውስጥ መስመሩ በጠረጴዛው መሀል ያልፋል። ከዚያ ደግሞ በግንቦት 1997 ምርጫ የመጀመሪያ ድምፁን የሰጠ አለ፤ «ዘጠና ሰባት» ሲል ስለ አንድ ቀን ሳይሆን ስለ ሙሉ ወጣትነቱ ነው የሚነግራችሁ።

በታሪክ አጋጣሚ ሳይሆን በሥርዓት መስመር የሚያሰምርም አለን፤ ገዳ። በ2009 ዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ይህ የኦሮሞ ሥርዓት ሥልጣንን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ለሌላው ያስረክባል፤ አምስት ምድቦች እየተፈራረቁ በአርባ ዓመት ዙሩ ይሞላል። የቦረናን ገዳ ያጠኑት አስመሮም ለገሠ በሰፊው እንዳሳዩት፣ ልጅ የሚመደበው በራሱ ዕድሜ ሳይሆን በአባቱ ደረጃ ነው፤ አባትና ልጅ በአርባ ዓመት ይራራቃሉ። ስለዚህ የአንድ አባት ልጆች በመካከላቸው ሃያ ዓመት ቢኖርም አንድ ሉባ፣ ማለትም አንድ የገዳ ምድብ፣ ናቸው፤ ኃላፊነቱ ሲመጣ ለሁለቱም አብሮ ይመጣል። የዕድሜ እኩዮች የሚሰባሰቡበት ሐሪያ የሚባል ሌላ አደረጃጀት ለብቻው አለ። በዕድሜ መመሳሰልና በኃላፊነት መተካካት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ቦረናዎች እንዲህ አብራርተው ለይተውታል። ሜሪላንድ ያሉት ሦስቱ ግን የአንድ አባት ልጆች ሆነው ዘመን ለያያቸው።

ውጭ አገር ያለው ማኅበረሰባችንም የራሱ መስመሮች አሉት። ከ66 በፊት አሜሪካና አውሮፓ የነበሩት በብዛት ተማሪዎች ናቸው፤ ሊመለሱ የመጡ። ከ69 በኋላ በእግር ሱዳን የገቡት ግን መመለስን ሳያስቡ ነው የወጡት፤ አሜሪካ በፈረንጅ 1980 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ በሩን ከፈተላቸው። በፈረንጅ 1995 የዲቪ ቪዛ ዕጣ ሲጀመር ደግሞ ከእናትና ከአባቱ ተሰናብቶ፣ ሻንጣ ይዞ፣ በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው በዛ። ሱዳን በረሃ ያደረና ቦሌ የተሸኘ ሰው አንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም አንድ መስጊድ ቢሰግዱም ስለ አገር ሲያወሩ የማይግባቡት አንዳንዴ ለዚህ ነው። እስራኤል ውስጥም እንዲሁ፤ በ1977 በዘመቻ ሙሴ የገቡት ቤተ እስራኤላውያን በእግራቸው ሱዳን ተጉዘው፣ በመንገድና በመጠለያ ብዙ ዘመድ ቀብረው ነው። በግንቦት 1983 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ተጓጓዘ። ሁለቱም ኢየሩሳሌምን ናፈቁ፤ የሄዱበት መንገድ ግን አንድ አይደለም። ወደ አረብ አገር የሄዱት ሴቶች ደግሞ ልጆቻቸውን አብዛኛውን ጊዜ አገር ቤት ለእናት ትተው ነው፤ እዚያ ልጅ የሚያድገው በስልክና በሐዋላ ነው።

እናንተስ? «ሁለተኛ ትውልድ» የሚባለው ውጭ አገር የተወለደው ነው ይሉናል። የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ የመጣው ከየትኛው ነው? እኔ የልደት ቦታውን ትቼ የተጠየቀውን ነገር አያለሁ። የሜሪላንዱ መካከለኛ ወንድም የመጀመሪያ ልጅ አሜሪካ ነው የተወለደችው። አሥር ዓመት ሲሞላት ግን የኪራይ ቤቱን ደብዳቤ የምታነበው፣ ክሊኒክ ገብታ ሐኪሙ ስለ እናቷ የተናገረውን የምታስተረጉመው፣ ለትምህርት ቤቱ ስልክ የምትመልሰው እሷ ነበረች። መጥፎ ዜና ሲኖር መጀመሪያ የሰማችው እሷ ናት፤ ለእናቷ በምን ቃል እንደምትነግራት ማሰብም የእሷ ሥራ ነበር። ከዚያ ስምንት ዓመት ቆይቶ ወንድሟ ሲወለድ ግን አባቷ ሥራው ተስተካክሎ፣ እንግሊዝኛው ቀንቶ፣ ቤት ተገዝቷል። እሱን «ብቻ አጥና» ነው ያሉት። ሁለቱ ስለ ወላጆቻቸው ሲያወሩ ስለ ሁለት የተለያዩ ቤቶች የሚያወሩ ይመስላል፤ እሷ ስለ ደከመች እናት፣ እሱ ስለ ጥብቅ አባት።

ስለዚህ ወላጆቻችሁን ስንተኛ ክፍል ነበራችሁ ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ እርስ በርሳችሁም ተጠያየቁ። ቤት ውስጥ ደብዳቤ ያነብ የነበረው ማን ነው? ሐኪም ቤት አብሮ የሚገባውስ? የታላቃችሁ እኅት መልስ ከናንተ ከተለየ፣ ቁጭ ብላችሁ እስክትጨርስ ስሟት።