የቁስል ማጠቢያ ፀረ ጀርም ፈሳሾች ደኅንነት በቤተ ሙከራ እንዴት ይፈተሻል?

ቁስልን በፀረ ጀርም ፈሳሽ ማጠብ በጤና ተቋማት በየዕለቱ የሚከናወን ተግባር ነው። ፖቪዶን አዮዲን፣ ክሎርሄክሲዲን፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ለዚሁ ከሚውሉት መካከል ይገኛሉ። እነዚህ ኬሚካሎች ባክቴሪያን የሚገድሉት የሕዋሱን ሽፋን በማፍረስ ወይም ፕሮቲኑን በማበላሸት ነው። ይሁን እንጂ የሰው ሕዋስም ሽፋንና ፕሮቲን አለው። ስለሆነም ጀርሙን የሚያጠፋው ፈሳሽ ቁስሉን የሚጠግነውን ሕዋስ አብሮ ሊያጠፋ ይችላል።

ይህ ሥጋት አዲስ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በፈረንሳይ ቡሎኝ ከተማ የወታደሮችን ቁስል ሲያጠና፣ የጥልቅ ቁስልን ስርጓጉጥ የሚመስል የብርጭቆ ዕቃ ሠርቶ ፀረ ጀርም ፈሳሾችን ፈትሾ ነበር። ፈሳሾቹ በስርጓጉጡ ውስጥ የተሸሸጉትን ባክቴሪያዎች ማጥፋት ሲሳናቸው፣ ሰውነት የሚከላከልባቸውን ነጭ የደም ሕዋሳት ግን እንደሚጎዱ አሳይቷል።

ዛሬ ፍተሻው ሁለት ገጽታ አለው። የመጀመሪያው የመግደል ዐቅምን ይለካል። ኢኤን 13727 በተባለው የአውሮፓ መስፈርት መሠረት፣ ፈሳሹ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የባክቴሪያውን ቁጥር ቢያንስ በ100,000 እጥፍ መቀነስ ይኖርበታል። ጊዜው ሲያበቃ የፈሳሹን ኃይል የሚያመክን ንጥረ ነገር ይጨመራል። ይህ ካልተደረገ ከናሙናው ጋር የተላለፈው ቅሪት ባክቴሪያው በማሳደጊያው ላይ እንዳይራባ ስለሚያግድ፣ በሕይወት ያለው እንደ ሞተ ይቆጠራል። በተጨማሪም አልቡሚንና የበግ ቀይ የደም ሕዋሳት ይቀላቀላሉ፤ ደምና መግል የፈሳሹን ኃይል እንደሚያዳክሙ ስለሚታወቅ ነው።

ሁለተኛው ገጽታ ሕዋስን ይመለከታል። ፈሳሹ በቤተ ሙከራ በሚያድጉ ፋይብሮብላስቶች፣ ማለትም ኮላጅን በሚያመርቱ ሕዋሳት ላይ ይደረጋል። ቀጥሎም ሕያው ሕዋስ ብቻ ወደ ሐምራዊ የሚለውጠው ቢጫ ቀለም ይጨመራል። የሕክምና መገልገያዎችን በሚመለከተው አይኤስኦ 10993-5 መሠረት፣ የሕዋሳቱ ሕያውነት ካልተነኩት ጋር ሲነጻጸር ከ70% በታች ከወረደ ውጤቱ መርዛማ ተብሎ ይመዘገባል።

የሁለቱ ውጤቶች ንጽጽር ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ ጥናት ያስረዳል። 1% ፖቪዶን አዮዲን የሰው ፋይብሮብላስቶችን ሙሉ በሙሉ ገድሏል። ፈሳሹ አንድ ሺህ እጥፍ ቀጥኖ 0.001% ሲሆን ግን ሕዋሳቱን ሳይጎዳ ባክቴሪያውን ገድሏል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በአንጻሩ ሲቀጥን በመጀመሪያ ያጣው ባክቴሪያን የመግደል ኃይሉን ነው፤ ሕዋስን መጉዳቱን አልተወም። ከዚህ አስተሳሰብ በመነሣት እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለቱን መለኪያዎች በአንድ ቁጥር የሚያወዳድር ስሌት ቀርቧል። ቁጥሩ ከ1 ሲበልጥ ፈሳሹ ከሕዋሱ ይልቅ ባክቴሪያውን እንደሚጎዳ ያመለክታል። በዚሁ ስሌት ኦክቴኒዲን ከ1 በላይ ውጤት አስመዝግቧል።

ሆኖም የቤተ ሙከራ ቁጥር በቀጥታ ወደ ታካሚው አይሻገርም። በቁስል ውስጥ ያለው ደምና መግል አዮዲንን ስለሚያመክን፣ በሳህን ላይ የበቃው 0.001% ለቁስል ላይበቃ ይችላል። በስሌቱ የተመሰገነው ኦክቴኒዲንም በጠባብ ቁስል ውስጥ በግፊት ሲረጭ፣ መውጫ አጥቶ ከቆዳ ሥር በመቅረት ሕብረ ሕዋስን እንደጎዳ የሕክምና ሪፖርቶች መዝግበዋል። ጉዳቱ የመጣው ከአጠቃቀሙ ነው፤ በሳህን ላይ የሚደረግ ፍተሻ ይህን ሊያሳይ አይችልም።

በመሆኑም የአንድ ፈሳሽ ደኅንነት የሚረጋገጠው ለተወሰነ ይዘት፣ ለተወሰነ የቆይታ ጊዜና ለተወሰነ አጠቃቀም ብቻ ነው። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መጠን የዚህ ፍተሻ ፍሬ ነው። ፈሳሹን በዐይን ግምት የሚያቀጥን ወይም ሳያቀጥን የሚያፈስ ባለሙያ፣ ማንም ያልፈተሸውን ፈሳሽ በታካሚው ቁስል ላይ እየሞከረ ነው።