የተመሰገነ መጽሐፍ ሲከብድ

ሽልማት ያገኘ ወይም ምሁራን ያመሰገኑትን ልብ ወለድ ገዝታችሁ፣ ሠላሳ ገጽ ሳትደርሱ እንቅልፍ አሸንፏችሁ ይሆናል። በማግሥቱ በመሥሪያ ቤት ስለ መጽሐፉ ሲወራ «አዎን፣ አንብቤዋለሁ» ማለት ይከተላል። ከድካሙ ይልቅ የሚጎዳው ይህ ማስመሰል ነው።

በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» እንመልከት። ሐያስያን ከአማርኛ ልብ ወለዶች መካከል ከፍ ያለ ስፍራ ይሰጡታል፤ ብዙ አንባቢን ግን ይከብደዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ታሪኩ ከድርጊት ይልቅ በክርክር ይሄዳል፤ ቋንቋውም የሸዋ ገጠር አነጋገር የበዛበት ነው።

መርካቶን መጀመሪያ የረገጠ ሰው የሚሰማው ጫጫታ ብቻ ነው። ሲሰነብት ግን የሸማ ተራውን ድርድር ከምናለሽ ተራው የብረት ድምፅ ይለያል። «አደፍርስ»ም እንዲሁ ነው። ስለዚህ መጨረሻውን ለማወቅ አትቸኩሉ፤ ማታ ማታ ጥቂት ገጽ ድምፅ እያሰማችሁ አንብቡ፤ ተናጋሪው ማን ነው፣ ምንስ ይፈልጋል ብላችሁ ጠይቁ። ይህን አድርጋችሁ ካልጣማችሁ፣ ያለ እፍረት አጥፋችሁ አስቀምጡት። ሽልማትና ምስጋና የሌሎች ፍርድ ነው፤ የእናንተም ፍርድ የሚከበረው ሙግቱን ሰምታችሁ ስትፈርዱ ነው።