ልጁ ዓይኑን ቢገልጥም ከመንገድ አይመለሱ

በወባ ክፉኛ የታመመ ሕፃን ራሱን ከሳተ ወይም የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ፣ በአፍ የሚሰጥ መድኃኒት አይበቃውም። ጤና ጣቢያው ሩቅ ከሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ዕድሜው ከ6 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን በፊንጢጣ የሚገባ አርቴሱኔት በክብደቱ ልክ አንድ ጊዜ ትሰጠዋለች። መድኃኒቱ እንዳይወጣ መቀመጫውን ለ10 ደቂቃ ገጥመው ይያዙ። በ30 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ ለባለሙያዋ ይንገሯት፤ ሌላ ትሰጠዋለች።

ልጁ ዓይኑን ሲገልጥ «ተሻለው» ብሎ ወደ ቤት መመለስ ግን ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። መድኃኒቱ ሕክምና እስኪደርስ በሽታውን ያስታግሳል እንጂ ወባውን ጨርሶ አያጠፋም። ቢያንስ ለ24 ሰዓት መርፌ፣ ከዚያም ለ3 ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። የሪፈር ወረቀቱን ይዘው ጉዞዎን ይቀጥሉ።