በእጅ ምልክት የሚታዘዝ ሮቦት

ሮቦት ምንድን ነው? ሮቦት በፋብሪካ ውስጥ የሰውን ክንድ ሥራ የሚሠራ መኪና ነው። ብረት ያነሣል፣ ይበይዳል፣ ብሎን ያጠብቃል። ራስና እግር ያለው የብረት ሰው የሚመስለው ይኖራል፤ የፋብሪካው ሮቦት ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትልቅ ክንድ ብቻ ነው። መጀመሪያ ፋብሪካ የገባው በ1961 በአሜሪካ አገር በኒው ጀርዚ ነው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሥራውም ቀልጦ የተቀረጸ ትኩስ ብረት ማንሣት ነበር።

ይህ ክንድ ጉልበት እንጂ ዓይን አልነበረውም። ከፊቱ የቆመው ሰው ይሁን ዕቃ አይለይም። በ1979 በሚሺጋን ለአውቶሞቢል ብረት በሚያቀልጥ ፋብሪካ አንድ ላብ አደር ዕቃ ለማውረድ መደርደሪያ ላይ እንደወጣ የሮቦት ክንድ መትቶ ገደለው። እንዲህ ያለ አደጋ ስለሚያስፈራ ሮቦት በብረት አጥር ውስጥ ብቻውን እንዲሠራ ይደረጋል። ዛሬም ብዙዎቹ ትልልቅ ሮቦቶች እንደዚያው ናቸው።

ሆኖም ሁሉንም ሥራ ሮቦት አይጨርሰውም። ከባዱን ዕቃ እሱ ደግፎ ሲይዝ ጥንቃቄ የሚፈልገውን ሰው ይሠራል። ታዲያ ጎን ለጎን ሲሠሩ በምን ይግባቡ? በሞተር ጩኸት መካከል ድምፅ አይሰማም። ቁልፍ ለመጫንም ሥራን ጥሎ መሄድ ሊያስፈልግ ነው። እጅ ግን ከሩቅ ይታያል። ሰውየው መዳፉን ዘርግቶ «ቁም»፣ በጣቱ ጠቁሞ «ወደዚያ አድርገው» ይለዋል።

ሮቦቱ የሚያየው በካሜራ ነው። ካሜራው ያነሣውን ኮምፒዩተር ይመረምራል። በ2019 የወጣ አንድ የታወቀ ዘዴ በእጅ ላይ 21 ነጥቦችን ይፈልጋል፤ የጣት መገጣጠሚያዎችን፣ የጣት ጫፎችንና አንጓን። የነጥቦቹ አቀማመጥ የትኛው ምልክት እንደተሰጠ ያስታውቃል።

ይህን ማወቅ ግን በትምህርት ነው። እናንተ ወይፈን ስትገሩ ከለመደ በሬ ጋር ጠምዳችሁ አንዱን ቃል ደጋግማችሁ አይደል የምታስለምዱት? ኮምፒዩተሩም ብዙ ሺህ የእጅ ፎቶግራፍ ይቀርብለታል። የቀረበለት የነጭ ሰው እጅ ብቻ ከሆነ የጥቁሩን እጅ ሊስት ይችላል። የማን እጅ ነው የቀረበው ብሎ መጠየቅ እንግዲህ የሠራተኛው መብት ነው። ጓንት፣ አቧራና ደካማ ብርሃንም ያሳስቱታል።

በሬው ከወይፈኑ የሚለይበትም ነገር አለ። የለመደ በሬ የጌታውን ጠባይ ያውቃል። ሮቦት አያውቅም። ላብ አደሩ ላቡን ሲጠርግ ወይም ጓደኛውን ሲጠራ እንደ ትእዛዝ ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ ምልክቱ ጥቂት ጊዜ ሳይወርድ እንዲቆይ ይደረጋል፤ ያልተለየ ምልክት ሲመጣም ሮቦቱ ባለበት እንዲቆም እንጂ ገምቶ እንዲንቀሳቀስ መደረግ የለበትም።

ከሁሉም የሚከብደው «ቁም» ነው። «አንሣ» ቢሳት ሥራ ይዘገያል፤ «ቁም» ቢሳት ክንድ ይሰበራል። አንዳንድ አዳዲስ ሮቦቶች ሰው ሲነኩ ግፊቱን አውቀው ይቆማሉ። ያም ሆኖ ዙሪያው ቢጫ የሆነ ቀይ የማቆሚያ ቁልፍ ለእጅ ቅርብ በሆነ ቦታ ይቀመጣል። በመዳፍ ሲመቱት፣ ካሜራው አየ አላየ፣ ክንዱ ይቆማል።