ዋጋው ተመጣጣኝ አምፕሊፋየር በቤት ስቴሪዮ፦ የፈረስ ቤትን የኤሌክትሪክ መስመር ታሳቢ ያደረገ ፍተሻ

በአማርኛ «ድምፅ ማጉያ» የሚለው ስያሜ ለሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ያገለግላል፤ አንደኛው ደካማውን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያበረታው አምፕሊፋየር፣ ሁለተኛው ምልክቱን ወደ አየር ንዝረት የሚለውጠው ስፒከር ነው። የስሙ መደባለቅ ቀላል ነገር ቢመስልም ኪስ ይነካል። የቤቱ ስቴሪዮ ድምፅ ሲያንስ ወይም ሲሻክር ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ ሳይለይ፣ ገንዘቡ በአብዛኛው ትልቅ የዋት ቁጥር ለተጻፈበት አምፕሊፋየር ይወጣል። የደጋ ዳሞት ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ፈረስ ቤት፣ እንዲሁም በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባሉ አነስተኛ ከተሞች፣ ርካሽ አምፕሊፋየር ለቤት ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው ጥያቄ ግን ከአምፕሊፋየሩ ይልቅ የሚመለሰው ከኃይል ምንጩና ከአፈታተሹ ነው።

ዛሬ በዝቅተኛ ዋጋ የሚገኙት አነስተኛ አምፕሊፋየሮች በአብዛኛው ክላስ ዲ የሚባለውን አሠራር ይከተላሉ። በዚህ አሠራር ትራንዚስተሮቹ በሰከንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ ፈጽመው ይከፈታሉ፣ ፈጽመው ይዘጋሉ እንጂ እንደ ቀድሞዎቹ በግማሽ ተከፍተው ኃይሉን ወደ ሙቀት አይለውጡም። በብዛት ከሚታወቁት አንዱ የሆነው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲፒኤ3116ዲ2 ከ4.5 እስከ 26 ቮልት ባለው ቀጥተኛ ኃይል ይሠራል፤ በመሆኑም በ12 ቮልት የሶላር ባትሪም ሆነ በአሮጌ ላፕቶፕ አዳፕተር ሊነሣ ይችላል። ለገጠር ቤት ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው።

በሽፋኑ ላይ የሚጻፈው ዋት በቀላል ስሌት ይፈተናል። እንዲህ ያለው አምፕሊፋየር ሞገዱ ሳይቆረጥ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ ኃይል፣ የአቅራቢው ቮልት በራሱ ተባዝቶ ለስፒከሩ ኦም እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ12 ቮልትና በ8 ኦም ስፒከር ይህ 9 ዋት ይሆናል፤ በ19 ቮልት ደግሞ 22.5 ዋት ገደማ። 19 ቮልትና 4.74 አምፒር የሚሰጥ አዳፕተር በጠቅላላው 90 ዋት ብቻ ስለሚያቀርብ፣ ከርሱ የሚነሣ ሣጥን «600 ዋት» ቢባልም ተጨማሪውን የሚያገኝበት ምንጭ የለም። ከ9 ወደ 22.5 ዋት መሸጋገሩ ራሱ የሚጨምረው 4 ዲሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ለጆሮ የሚለይ ልዩነት ቢሆንም እንደ ቁጥሮቹ የሚያስደንቅ አይደለም።

ታዲያ ለሳሎን ምን ያህል ይበቃል? በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 88 ዲሲቤል የሚሰጡ ሁለት ስፒከሮች 2.5 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ አድማጭ እያንዳንዳቸው በ1 ዋት 83 ዲሲቤል ገደማ ያደርሳሉ፤ ይህ ጮክ ካለ ንግግር በላይ ነው። ሙዚቃ ግን ከአማካዩ 10 ወይም 15 ዲሲቤል ከፍ የሚሉ ቅጽበቶች አሉት፤ ለነዚህ ከ10 እስከ 32 ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ 12 ቮልቱ ለዝግታ ማድመጥ ይበቃል፣ 19 ቮልቱ ለአብዛኛው ቤት አያሳፍርም። ሞገዱ ጫፉ እየተቆረጠ ሲጮኽ ግን ድምፁ ከመሻከሩም ሌላ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሽ ስፒከር ሊያቃጥል ይችላል።

የመስመሩ ነገር ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት። ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚስበው የኤሌክትሪክ ምጣድ በረጅም መስመር ጫፍ ባሉ ቤቶች በአንድ ጊዜ ሲበራ፣ 220 መሆን የሚገባው ቮልት ዝቅ ይላል። ከባድ ትራንስፎርመር የተሸከመው የቀድሞ አምፕሊፋየር ይህን መውረድ በቀጥታ ይቀበላል፤ መስመሩ 180 ቮልት ሲደርስ የውስጡ ቮልት በ18 ከመቶ፣ ከፍተኛው ኃይል ደግሞ በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል የላፕቶፕ አዳፕተር ግን በዚያው ሁኔታ 19 ቮልቱን ሳያዛባ ይሰጣል። በክብደቱ የሚመካው ዕቃ በዚህ ረገድ ከቀላሉ ማነሱ ብዙዎችን ያስገርማል። በእርግጥ የኃይሉ ቅናሽ ከ2 ዲሲቤል በታች በመሆኑ የሚሰማው ድምፁ እስከ ጫፍ ሲከፈት ብቻ ነው።

ፍተሻው ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። የሰው ጆሮ ጥቂት ከፍ ያለውን ድምፅ «የጠራ» አድርጎ ስለሚቀበል፣ አዲሱና አሮጌው አምፕሊፋየር እኩል ልክ ላይ ሳይደረጉ ማነጻጸር ዋጋ የለውም። ለዚህ አንድ የጥገና ባለሙያ ቴስተርና በስልክ የሚጫወት 400 ኸርዝ ድምፅ ይበቃሉ። ቴስተሩ በተለዋዋጭ ቮልት ላይ ተደርጎ በ8 ኦም ስፒከር ጫፎች 2.83 ቮልት ሲያነብ 1 ዋት ማለት ነው፤ ሁለቱም አምፕሊፋየሮች ወደዚህ ልክ ይስተካከላሉ። 0.1 ዲሲቤል ማለት በ2.83 እና በ2.86 መካከል ያለ ልዩነት ስለሆነ ንባቡን በችኮላ ማለፍ አይገባም። ክላስ ዲ ያለ ምንም ድምፅም ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ቅሪት ሊያወጣ ስለሚችል፣ ቴስተሩ በጸጥታ ጊዜ የሚያነበው አስቀድሞ መታየት አለበት። ከዚያ በኋላ አድማጩ የትኛው እንደሚሠራ ሳያውቅ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ1987 የአሜሪካው ስቴሪዮ ሪቪው መጽሔት ከ220 ዶላር ሪሲቨር እስከ 12,000 ዶላር አምፕሊፋየር በዚህ ዓይነት ባስፈተነ ጊዜ፣ 25ቱ አድማጮች ያገኙት ውጤት ከግምት የተሻለ አልነበረም።

ይህ ማለት ርካሹ ዕቃ ነውር የለበትም ማለት አይደለም። ነውሩ አብዛኛውን ጊዜ በማጉያ መጠኑ ላይ ይገኛል። የተጠቀሰው ቺፕ በ20፣ በ26፣ በ32 ወይም በ36 ዲሲቤል እንዲያጎላ ሊደረግ ይችላል፤ 36 ማለት 63 እጥፍ ሲሆን፣ ከስልክ የሚመጣ 0.3 ቮልት ብቻውን 19 ቮልቱን ይሞላዋል። የድምፅ መቆጣጠሪያው ገና ሳይዞር ቤቱ ይጮኻል፣ ከምልክቱ ጋርም የሹክሹክታ ድምፅ አብሮ ያድጋል። 26 ዲሲቤል፣ ማለትም 20 እጥፍ፣ ለቤት የተሻለ ነው። ለዚህ ፍተሻ ጥሩው ናሙና ከበሮና ሲንተሳይዘር የበዛበት ዘፈን ሳይሆን በዐቢይ ጾም የሚደመጠው በገና ነው፤ ዐሥሩ አውታር በዝግታ ሲመታ ከእንዝራው የሚወጣው ንዝረት እየደከመ ሲሄድ የአምፕሊፋየሩ ሹክሹክታ ከሥር ብቅ ይላል ወይም አይልም።

ከማብራት በፊት የሽቦው አገናኘት መታየት ይኖርበታል። በእነዚህ አምፕሊፋየሮች የስፒከሩ ኔጌቲቭ ጫፍ ከመሬት ጋር የተያያዘ አይደለም፤ በርሱም ላይ ሞገድ አለ። በመሆኑም የግራና የቀኝ ኔጌቲቭ በአንድ ሽቦ የተጠቃለለበት የአሮጌ ቴፕ ስፒከር ገመድ እንዳለ ከተገጠመ አምፕሊፋየሩን ሊያቃጥለው ስለሚችል፣ ለእያንዳንዱ ስፒከር ሁለት የተለያዩ ሽቦዎች መዘርጋት አለባቸው።