የባናን ሸካራነትና ቀለም በምስል ማሳየት፦ ለበይነ መረብ ገበያ የሚሆን የፎቶግራፍ አነሳስ

አኅጽሮት፦ ባና ገዢው ዳስሶ የሚመዝነው የበግ ጸጉር ልብስ ነው። ይህ ጽሑፍ የስልክ ካሜራ የባናን ሸካራነትና ቀለም እንዴት እንደሚያዛባ ያብራራል፤ ሁለቱ ለየብቻ መነሣት እንዳለባቸውም ያመለክታል።

መግቢያ

መካነ ሰላም በምትገኝበት የወሎ ደጋ የሚረባው በግ በአብዛኛው ጥቁር፣ ነጭ ወይም ቡናማ ነው። ጸጉሩ ተባዝቶና በእንዝርት ተፈትሎ ይሸመናል። ክሩ ቀለም ካልተነከረ የበጉ ቀለም የባናው ቀለም ይሆናል። በገበያ ቀን ገዢው ባናውን በጣቶቹ ያሻል፣ አንሥቶ ክብደቱን ይገምታል፣ ወደ ብርሃን አቅንቶ የድርና ማጉን ጥብቀት ያያል። በስልክ ገጽ ላይ ግን ያለው ምስል ብቻ ነው። ምስሉ እነዚህን ካላሳየ የእጅ ሥራው ከፋብሪካ ብርድ ልብስ አይለይም፤ ዋጋውም ከዚያው ጋር ይነጻጸራል። ጉዳቱ በፈታይዋና በሸማኔው ላይ ያርፋል።

ሸካራነት

ሸካራነት የሚታየው በጥላ ነው። ብርሃን ጨርቁን ፊት ለፊት ሲመታው በክሮች መካከል ያለው ጥላ ይጠፋል፤ የስልኩ መብራት (ፍላሽ) ባናን ልሙጥ የሚያስመስለውም በዚህ ምክንያት ነው። ብርሃኑ ከጎን አግድም ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ክር ጥላውን ይጥላል። አካባቢው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ በሚያዝያና በነሐሴ የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ አናት ትቀርባለች። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ መሬት ላይ የተነጠፈ ባና የጎን ብርሃን ሲያገኝ፣ በእነዚህ ወራት በ6 ሰዓት ይህንኑ ብርሃን የሚያገኘው ቀጥ ብሎ የተሰቀለው ነው።

ቀለም

የካሜራ የብርሃን መለኪያ በፊቱ ያለውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ያቀርባል። ምስሉን የሞላ ጥቁር ባና ስለዚህ ግራጫ፣ ነጩም የደበዘዘ ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው ለጥቁሩ ብርሃኑን በእጅ መቀነስ፣ ለነጩ መጨመር ነው። ቡናማ ባና ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፤ ካሜራው ቡናማውን የብርሃኑ ቀለም አድርጎ በመቁጠር ሊያቀዘቅዘው ይችላል። የጠዋት ፀሐይ ጨርቁን ወደ ቢጫ፣ በጠራ ሰማይ ሥር ያለ ጥላ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላዋል። በመሆኑም ለቀለም የሚሆነው ምስል በደመናማ ሰማይ ሥር ቢነሣ ይመረጣል፤ ከጨርቁ አጠገብ የሚቀመጥ ነጭ ወረቀትም ለማረሚያ ያገለግላል።

መጠንና አላላክ

ውፍረት የሚታወቀው ባናው ታጥፎ ጠርዙ ከማስመሪያ ጋር ሲነሣ ነው። ርዝመት፣ ወርድና ክብደት በጽሑፍ ይገለጹ። የመልእክት መተግበሪያዎች ፎቶግራፍን ሲያሳንሱ መጀመሪያ የሚጠፋው የክሩ ዝርዝር ስለሆነ፣ በቴሌግራም ምስሉን በፋይል መልክ መላክ ይሻላል።

ማጠቃለያ

ሸካራነት የጎን ብርሃን፣ ቀለም የተበተነ ብርሃን ይፈልጋል፤ አንድ ምስል ሁለቱን በእኩል አያሟላም። ቢያንስ ሦስት ምስሎች፣ ማለትም የሸካራነት፣ የቀለምና የእጥፋት፣ ያስፈልጋሉ። ይህም ስቱዲዮ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሰዓትንና አቀማመጥን መምረጥ ነው። ከምስሉ የተለየ ባና የደረሰው ገዢ ሊመልሰው ይችላል፤ ከመካነ ሰላም አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ባና ደግሞ የሁለት ጉዞ ወጪ ያስከትላል። ትክክለኛ ምስል ስለዚህ ከማስታወቂያነቱ ይልቅ የውል ቃልነቱ ያመዝናል።