ከባንድ ወደ ብቸኛ ቀረጻ፦ የኃይሉ መርጊያ የ1985 ካሴት እንደ ሙከራ ሥራ

አንድ ሙዚቀኛ ስመ ጥር ባንድን ለቆ የግሉን አልበም ሲያወጣ ሐያስያን ሥራውን የሚመዝኑት አብዛኛውን ጊዜ ከቀድሞው ባንድ ስልት ምን ያህል እንደራቀ በማየት ነው። እንግሊዛዊው የሮክ ድምፃዊ ፒተር ጋብርኤል እ.ኤ.አ. በ1975 ከጄነሲስ ባንድ ተለይቶ በ1977 የመጀመሪያ የግል አልበሙን ባወጣ ጊዜ የተመዘነው በዚህ ሚዛን ነበር። በዚህ አመለካከት ሙከራ ማለት ከትናንቱ ማፈንገጥ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሚዛን ለአንድ ኢትዮጵያዊ ሥራ እንደማይበቃ ማሳየት ነው። ሥራው የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ከተለዩ በኋላ በ1985 ያወጡት ካሴት ነው። ጸሐፊው እንደሚከራከረው በዚህ ካሴት ላይ የሚሰማው አዲስ ድምፅ የመነጨው ወደ ቀደመ ድምፅ ለመመለስ ከተደረገ ጥረት ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አርቲስት ኃይሉ በ1946 በደብረ ብርሃን ተወልደው በአዲስ አበባ አድገዋል። በወጣትነታቸው አኮርዲዮን የተጫወቱ ሲሆን፣ ኋላ ወደ ኦርጋንና ወደ ሌሎች የኤሌክትሪክ ኪቦርዶች ተሻግረዋል። በ1970ዎቹ የመሩት ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውቷል። በደርግ ዘመን በታወጀው የሰዓት እላፊ ምክንያት ታዳሚው ከምሽት እስከ ንጋት በአዳራሹ የሚቆይባቸው ሌሊቶች ነበሩ፤ ባንዱም ያንን ረጅም ሰዓት በሙዚቃ የመሙላት ኃላፊነት ነበረበት። በ1977 የታተመው «ቼ በለው» የተሰኘው የባንዱ ሸክላ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን የተሳተፉበትና በመሣሪያ ቅንብር ላይ ያተኮረ ሥራ ነው። የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘውም በዚሁ ሸክላ ላይ ነው። በዚህ ሥራ የሙዚቃው ጉልበት ያለው በምልልስ ነው፤ ኦርጋኑ ሲጠይቅ ሳክስፎኑ ይመልሳል፣ ቤዝ ጊታሩና ድራሙ ደግሞ ሁለቱን ያስተሳስራሉ።

ባንዱ በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ከአባላቱ ከፊሎቹ ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፤ ኃይሉ መርጊያም በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ኑሯቸውን መሠረቱ። ከአራት ዓመት በኋላ የተቀረጸው ካሴት አኮርዲዮንን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖን፣ ሲንተሳይዘርንና የምት ማሽንን ያጣመረ ሲሆን፣ ሁሉንም ያቀናበሩት አንድ ሰው ናቸው። የአሠራሩ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። አንድ ተጫዋች ድምፆችን በየተራ እየቀዳ ሲደራርብ፣ በኋላ የሚቀዳው ድምፅ ቀድሞ የተቀዳውን ይከተላል እንጂ የቀደመው ለኋለኛው መልስ ሊሰጥ አይችልም። በመድረክ ላይ የነበረው የባልደረቦች ምልልስ በዚህ መንገድ ሊገኝ አይችልም። ስለዚህ ሙዚቃው ሌላ ዓይነት ሚዛን ያስፈልገዋል፤ ማሽኑ ሳይዛነፍ ምቱን ይጠብቃል፣ ዜማው ደግሞ በላዩ ላይ እንደ ልቡ ይንሸራሸራል።

ያን ዜማ የሚሸከመው በዋናነት አኮርዲዮን ነው። አኮርዲዮን በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ውስጥ ሰፊ ቦታ የነበረው፣ ኋላ ግን በኤሌክትሪክ ኦርጋን የተተካ መሣሪያ ነው። የቁልፎቹ ድምፅ ቋሚ በመሆኑ እንደ ማሲንቆ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው መንሸራተት አይችልም። ይሁን እንጂ ወናፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፁ ያብጣል፣ ይሳሳል፣ ይቋረጣል፤ ይህም የሰው ትንፋሽን ያስታውሳል። በፈጣን የጣት ማስጌጫዎች ሲታገዝ የድምፃዊን ቦታ ሊይዝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። «አምባሰል» እና «ሽለላ» የተሰኙት የካሴቱ ሥራዎች ስማቸውን የወሰዱት ከነባሩ ሀብት ነው፤ የመጀመሪያው ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች የአንዱ፣ ሁለተኛው የጀግንነት ዜማ መጠሪያ ነው። በይጁቤም ሆነ በሌላው የጎጃም አካባቢ ያደገ አድማጭ ሽለላን የሚያውቀው በሰው ጉሮሮና በቃል ነው። ቃሉ ሲቀርና ዜማው በመሣሪያ ሲወጣ ያ አድማጭ የጎደለውን ቃል በራሱ ትዝታ ይሞላል። ካሴቱ «ሸሞንሟናዬ» በሚለው ስም ይታወቅ እንጂ በርእሱ ላይ የሰፈረው «ክላሲካል መሣሪያ» የሚለው ሐረግ ነው። ርእሱ ያስቀደመው በዘመኑ አዲስ የነበረውን ማሽን አይደለም፤ ይህም የሥራውን አቅጣጫ ይጠቁማል።

የካሴቱ የኋላ ታሪክም ይህንኑ ንባብ የሚመለከት ነው። ኃይሉ መርጊያ ከመድረክ ርቀው በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ ለዓመታት ኖረዋል፤ በሥራ መሐል ትርፍ ጊዜ ሲያገኙም በመኪናቸው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር። አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ የካሴቱን አንድ ቅጂ በባሕር ዳር አግኝቶ፣ ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተሰኘው አሳታሚው በኩል በ2013 ዳግም አሳተመው። ሙዚቀኛውም ወደ ዓለም መድረክ ተመልሰው በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጡ። የውጭ አድማጭ በዳግም እትሙ የሰማው ያልተለመደ የማሽንና የአኮርዲዮን ጥምረት ነው፤ ቅኝቱን የሚያውቀው አድማጭ ግን በዚያው ድምፅ ውስጥ የቆየ ዜማ ይሰማል። «ሙከራ» የሚለው ስያሜ የሚጸናው ወይም የሚላላው አድማጩ ከቆመበት ቦታ አንጻር ነው።

ከዚህ ሁለት ነጥቦች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ከባንድ መለየት የሚያስከትለውን የስልት ለውጥ የሚያጠና ተመራማሪ ሙዚቀኛው ምን እንደተወ ብቻ ሳይሆን ማንን እንዳጣና ወደ ምን እንደተመለሰ መጠየቅ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ይህ ሥራ ለዳግም እትም የበቃው አንድ ካሴት በክልላችን ከተማ ተርፎ በመገኘቱ ነው። የካሴት መግነጢሳዊ ጥብጣብ በሙቀት፣ በእርጥበትና በዕድሜ ይጎዳል። በየቤቱና በየሱቁ በካርቶን የተቀመጡ ካሴቶች ሳይመዘገቡና ወደ ዲጂታል ቅጂ ሳይገለበጡ ከጠፉ፣ ስለ ሙዚቃችን የምናነሣቸውን ጥያቄዎች የምንመልስበት ማስረጃም አብሮ ይጠፋል። የሙዚቃና የባህል ጥናት ተማሪዎች የመስክ ሥራቸውን ከቅርብ፣ ከጎረቤት የካሴት ካርቶን ቢጀምሩ መልካም ነው።